ከጋሪ የወጣ ፈረስ ወይስ የአገው ፈረስ? ባሕር ዳር ላይ ፖሎ ለመጀመር ለሚያስቡ የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፈረስ የሚወዱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ከጋሪ የወጣ ወይም መንገድ ላይ የተጣለ ፈረስ አንስተን፣ አብልተንና አሳክመን ፖሎ ልንጫወትበት እንችላለን ወይ? ወይስ እንጅባራ ሄደን የተገራ ፈረስ ብንገዛ ይሻላል? ወጣት ፈረስ ከትንሽነቱ ጀምሮ ብናሳድግስ?

ፖሎን አይቶ የማያውቅ ካለ የገና ጨዋታን በፈረስ ላይ ሆኖ ያስበው። ሁለት ቡድን ነው፣ በእያንዳንዱ ቡድን 4 ሰው። ረጅም ዱላ ይዘው ኳሷን ወደ ግብ ይመታሉ። ሙሉ ሜዳው ወደ 274 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 146 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተጫዋቹ ፈረስ ይቀይራል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልኝ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ለአንድ ጨዋታ ብዙ ፈረስ ይዘው የሚመጡት ሥራው ፈረስን ስለሚያደክም ነው። ሽምጥ መጋለብ፣ ድንገት መቆም፣ ባሉበት መዞር፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ጎን ለጎን መገፋፋት አለበት። ያንን ሁሉ በጋሪ ከተጎዳ ፈረስ ስንጠብቅ ምን እየጠየቅነው እንደሆነ ማወቅ አለብን።

እኔ የምለው ይህ ነው። የተጣለ ፈረስ ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ጊዜ ግን ይበላል። የተገራ ፈረስ ሲገዛ ይወደዳል፣ ጊዜ ግን ይቆጥባል። ምርጫው በኪሳችሁ ብቻ አይወሰንም። ስንት ወር መታገስ እንደምትችሉ፣ ፈረሱ ማንን መሸከም እንደሚችልና ለፖሎ ካልሆነ ምን እንደምታደርጉት አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ።

ምርጫው ከመጀመሩ በፊት የምናይባቸው መለኪያዎች

እግር ከሁሉ ይቀድማል። የከተማ ጋሪ ፈረስ ዕድሜውን የሚጨርሰው አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ነው። ስለዚህ መልኩንም ቁመናውንም ተዉትና እግሩን እዩ። አንድ ሰው በላላ ገመድ ይዞት ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይሩጥ። እናንተ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎን ቆማችሁ ተመልከቱ። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ከፍ ያደርጋል፤ ደኅናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ሕመሙ ከኋላ ከሆነ ዳሌው ግራና ቀኝ እኩል አይወጣም፣ አይወርድም። ከዚያ ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል ያለውን ጅማት በእጃችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። ሙቀት ወይም እብጠት ካለ፣ ወይም ስትነኩት እግሩን ከሸሸ፣ ለፖሎ አይሆንም። ኮቴውንም አንሱና እዩ። ስንጥቁ ጥልቅ ነው ወይ? ይሸታል ወይ? ከሌላው ኮቴ ይልቅ ይሞቃል ወይ?

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ ሲያዩ ሰዎች ልባቸው ይነካል፣ እግሩን ሳያዩ ይወስዳሉ። ቅጥነት በመኖ ይድናል። የተበጠሰ ጅማት ወይም ያረጀ መገጣጠሚያ ግን በመኖ አይድንም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። በውጭ አገር የፖሎ ፈረስ ወደ 450 ኪሎ ይመዝናል። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጡ ይመከራል። ሚዛን አያስፈልጋችሁም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ግምታዊ ኪሎው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 125 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 221 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሃያ በመቶው 44 ኪሎ ነው። ያውም ኮርቻውን ጨምሮ! ደረቱ 160፣ ርዝመቱ 140 ከሆነ ወደ 302 ኪሎ ይወጣል፣ 60 ኪሎ ይችላል። እርግጥ በአገራችን ጎልማሳ ሰው በትንሽ ፈረስ ሲጋልብ ኖሯል። ግን መንገድ መሄድ ሌላ፣ በሽምጥ እየዞሩ ዱላ መወዝወዝ ሌላ ነው። ከጉዳት ያገገመ ፈረስ ላይ ደግሞ ይህን ልክ ማለፍ የለብንም ብዬ አምናለሁ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚሆን ፈረስ ከጋሪ ፈረሶች መካከል አይገኝም ማለት ይቻላል።

ዕድሜን ከጥርስ ማወቅ ይቻላል። ፈረስ የፊት ጥርሱን ቀይሮ የሚጨርሰው 5 ዓመት ሲሞላው ነው። 10 ዓመት ገደማ ላይ ከላይኛው ረድፍ የፊት ጥርሶች የዳርኛው ድድ ሥር ቦይ የመሰለ መስመር ብቅ ይላል። 15 ላይ የጥርሱ አጋማሽ ይደርሳል፣ 20 ላይ ጫፉን ይነካል። ሻጩ "ገና 7 ነው" ቢል መስመሩ መሐል ከደረሰ ቃሉን አትመኑ። ለፖሎ ሥልጠና ከ5 እስከ 12 ያለው ጥሩ ነው። ከ15 በላይ የሆነን ፈረስ ግን ለጨዋታ ብላችሁ አትውሰዱ። ልታሳርፉት ከፈለጋችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የተቀደሰ ሐሳብም ነው።

ጤና ላይ ጣና ዳር የራሱ ነገር አለው። ሁለት በሽታዎችን በደንብ እወቁ።

የመጀመሪያው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። የሚያስተላልፉት ከዓይን የሚያመልጡ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ናቸው። እነዚህ ነፍሳት እርጥብና ሞቃት ቦታ ይወዳሉ። በብዛት የሚወጡትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፈረሱ ያተኩሳል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ይተነፍስ ዘንድ ይቸገራል፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል። ክትባት የሌለው ፈረስ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ይመረታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ክትባቱ ከዚያ በፊት መሰጠት አለበት። ፈረሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት ይግባ፣ ረፋዱ ላይ ይውጣ።

ሁለተኛው በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታየው፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቆዳ በሽታ ነው። በደረት፣ በአንገትና በእግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣ እባጭ ታያላችሁ። እየፈነዳ መግል ያወጣል። የሚገባው በቁስል ነው፤ የጋሪ ዕቃ የፈጀው ቁስል በሩን ይከፍትለታል። ዝንብና የጋራ ማሰሪያ ያዛምቱታል። ገና ሲጀምር አዮዲን ያለበት ሕክምና ሊረዳ ይችላል። ከገፋ ግን ተስፋው ትንሽ ነው። ይህ በሽታ ያለበትን ፈረስ ከሌሎች ፈረሶች ጋር አታቀላቅሉ፤ ኮርቻና ልጓምም አታዋሱት። ልባችሁ ቢራራም መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ይማሩበታል፤ ምክር ለመጠየቅ ቅርብ ነው።

መንጋጋ ቆልፍም ፈረስን ክፉኛ ይይዛል፣ ቁስል ያለበትን ደግሞ ይበልጥ። ሐይቅ ዳር ውኃ የሚጠጣ ፈረስ አፉና አፍንጫው ውስጥ አልቅት ሊገባ ስለሚችል ውኃውን በባልዲ ስጡት።

ጠባይን በአንድ ቀን አታውቁትም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ሂዱና እዩት።

መኖን ደግሞ በቁጥር አስሉት። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። በወር አንድ ኩንታል ተኩል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሥራ ሲጀምር ገብስና ፉርሽቃ፣ አሞሌ ጨው፣ በቀን ከ15 እስከ 30 ሊትር ውኃ ይጨመርበታል። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። ድርቆሽ ይሻላል። ድርቆሹን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግዙት፤ ግንቦት ከደረሰ ዋጋው ሌላ ነው። "እምቦጭስ እንደዚህ ተትረፍርፎ?" የሚሉኝ አሉ። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ ለሚሠራ ፈረስ መኖ ብላችሁ አትቁጠሩት። ከተማ ውስጥ ለግጦሽ መልቀቅም አይበጅም። ፌስታል የዋጠ ፈረስ በቁርጠት ይሞታል።

ምርጫ 1፦ ከጋሪ የወጣ ወይም የተጣለ ፈረስ

ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ የጋሪ ሥራ ቀንሷል። ያረጀና የተጎዳ ፈረስ መንገድ ዳር ይለቀቃል። ሌሊት ጅብ ያገኘዋል ወይ ቀን መኪና ይገጨዋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ፈረስ ሌሎቹ የሌላቸው ጥሩ ነገር አለው። ጩኸት ለምዷል። የባጃጅ ጥሩንባ፣ የሰው ግርግር፣ የሚውለበለብ ጨርቅ አያስደነግጠውም። ለብዙ ሰዓት መሥራት ያውቃል። ሰው ሲነካው አይራገጥም። ለጀማሪ ጋላቢ ይህ ወርቅ ነው።

የሚጎድለውም ብዙ ነው። አፉ ደንድኗል። ለዓመታት በሁለት እጅ ሲጎተት ስለኖረ ቀላል የዛብ ምልክት አይገባውም። በፖሎ ግን ዛቡ በግራ እጅ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ቀኙ ዱላ ይይዛል። ፈረሱ ዛቡ አንገቱን ሲነካው መዞር መማር አለበት። የዓይን መከለያ ለብሶ የሠራ ከሆነ ደግሞ በዓይኑ ጎን የሚወዛወዝ ዱላ መጀመሪያ ላይ ያስበረግገዋል። ጀርባው ኮርቻ አያውቅም። ጫንቃውና ደረቱ ላይ የማሰሪያ ጠባሳ አለ። ኮርቻው እዚያ ጠባሳ ላይ ካረፈ ቁስሉ ይመለሳል።

ማገገሙ እንዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚጎዳ ሰው ብዙ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

በጣም የከሳ ፈረስ እህል አይሰጠውም። ርቦት የኖረ ሰውነት ድንገት ብዙ እህል ሲያገኝ የደሙ ማዕድን ይዛባል፤ ፈረሱ ዳነ ሲባል ሊሞት ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ጥሩ ድርቆሽ ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ስጡት። ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በመጀመሪያው ወር ሐኪም ያየዋል፣ የሆድ ትል መድኃኒት ይወስዳል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ኮቴው ይስተካከላል። ክፉኛ የከሳ ፈረስ ሥጋው እስኪመለስ ከ6 እስከ 10 ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ በእጅ እየጎተታችሁ አንሸራሽሩት። ቁስሉ ሁሉ ደርቆ ፀጉር ሳያበቅል ኮርቻ አትጫኑ።

ከዚያ ሥልጠናው ይጀምራል። መጀመሪያ በርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ክብ እየዞረ። መቆምን፣ በአንድ እጅ ዛብ መዞርን ይማር። ዱላው በረቱ አጠገብ ተሰቅሎ ይልመደው። ከዚያ ዱላውን ይዛችሁ ጋልቡት፣ ግን አትምቱ። ከዚያ በርምጃ እየሄዳችሁ ኳስ ምቱ። ሽምጡ የመጨረሻው ነው። ሁሉም ቢሳካ ከወሰዳችሁት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብላችሁ አስቡ። ብዙዎቹ ከዱላና ከቀስታ ልምምድ አያልፉም። ያም ቢሆን ጥሩ ውጤት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ከሚሠራ ባለጋሪ ላይ የደከመ ፈረስ ብትገዙ፣ በገንዘቡ ሌላ ወጣት ፈረስ ገዝቶ እንደዚያው ሊያደክመው ይችላል። አንዱን አድነን ሌላውን ጋሪ ሥር አስገባን ማለት ነው። ባለጋሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ጋሪውን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ የዞረ ሰው ፈረስ ወይም ባለቤት የሌለውን የተጣለ ፈረስ ነው። የተጣለውን ስታነሱ ለቀበሌ አሳውቁ። ፈረሱ ከወፈረ በኋላ "የእኔ ነው" የሚል ሊመጣ ይችላል።

ምርጫ 2፦ ከአገው ምድር የተገራ ፈረስ መግዛት

ከባሕር ዳር በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ መንገዱ ከ120 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር ያየ ሰው አንድ ሺህ ቃል አያስፈልገውም። ያጌጠ ኮርቻ፣ ግላስ፣ ሽምጥ ግልቢያና ጉግስ ያያል። በዓሉ ከዐድዋ ዘማች ፈረሰኞች መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ የሚመጣ የተገራ ፈረስ መጋለብ ያውቃል። ከሌላ ፈረስ ጋር ጎን ለጎን መሽቀዳደም፣ በሕዝብ መሐል መቆም፣ ጉግስ የተጫወተ ከሆነ ደግሞ በጎኑ የሚወረወር ዱላ ሁሉ ለምዷል። ለፖሎ ከዚህ የቀረበ ዝግጅት አገራችን ውስጥ አይገኝም። ጤነኛ ከሆነ በጥቂት ወራት ኳስ መምታት ትጀምሩበታላችሁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር አለ። ባህላዊው ልጓም ከባድ ነው፣ አፉን አጥብቆ ይይዛል። በየደቂቃው ለሚቆምና ለሚዞር ፈረስ ለስለስ ያለ ልጓም ቀይሩለት፣ ለመልመድም ጊዜ ስጡት። ባህላዊው እርካብ ለአውራ ጣት ብቻ የተሠራ ነው። በፖሎ ግን ተጫዋቹ እርካብ ላይ ቆሞ ስለሚመታ ሙሉ እግር የሚይዝ እርካብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። እንጅባራ ደጋ ነው፣ ከባሕር በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከብርዱ አገር የመጣ ፈረስ ሐይቅ ዳር ሙቀቱንም ነፍሳቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ሳይከተብ አይምጣ። ከክትባቱ በኋላም ሰውነቱ መከላከያ እስኪሠራ ጥቂት ሳምንት እዚያው ይቆይ። ግዢውን ለታኅሣሥና ለጥር ብታደርጉት ነፍሳቱ ከበዙበት ወቅት ትርቃላችሁ። ዋጋ ግን ጥር 23 ከመድረሱ በፊት ይወደዳል፤ ከበዓሉ በኋላ ረጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምርጫ 3፦ ወጣት ፈረስ ማሳደግ

ይህን ለጀማሪ አልመክርም። የሁለት ዓመት ውርንጭላ ይዛችሁ ለጨዋታ እስክትደርሱ ሦስት ዓመት መመገብ አለባችሁ። ፈረሱም አያውቅ፣ ጋላቢውም አያውቅ፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ለብዙ ዓመት ፈረስ የገራ ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን የምትፈልጉትን ነገር ሁሉ ከመሠረቱ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። አፉ ያልተበላሸ፣ እግሩ ያልደከመ ፈረስ ይኖራችኋል። ባዝራ ብታገኙ አትለፏት። በዓለም የፖሎ ሜዳዎች ላይ የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። ድንጉላ ግን ከሌሎች ፈረሶች ጋር ስለሚጣላ ለቡድን ጨዋታ ያስቸግራል።

ምርጫ 4፦ በጋራ መያዝ፣ ወይም በእንጨት ፈረስ መጀመር

አራት ሰው ተሰብስቦ ሁለት ፈረስ ቢይዝ መኖውም፣ ሕክምናውም፣ ጊዜውም ይቀላል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚመግብ፣ ፈረሱ ቢታመም ማን እንደሚከፍል፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይሁን። በጓደኝነት የተጀመረ ነገር በመኖ ዋጋ ሲፈርስ ያሳዝናል።

የእንጨት ፈረስ ስል ቀልድ አይደለም። የፖሎ ተጫዋቾች በዓለም ሁሉ ኳስ መምታት የሚለማመዱት በእንጨት በተሠራ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ነው። አናጺ በቀን ይሠራዋል። ዱላውን ከሽመል ሥሩት። ሽመል ውስጡ ድፍን ስለሆነ ቶሎ አይሰነጠቅም። ኳሱን የሚመታውን ጫፉን ከጠንካራ እንጨት አስቀርጹ። መምታት ያልቻለ ሰው ሕይወት ባለው ፈረስ ላይ ዱላ ሲወዘውዝ የሚመታው የፈረሱን እግር ነው። የተጣለ ፈረስ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ ፈረሱ እያገገመ ባለበት ወራት እናንተ እንጨቱ ላይ ተለማመዱ። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትደርሳላችሁ።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መለኪያ | ከጋሪ የወጣ | የተገራ የአገው ፈረስ | ወጣት ፈረስ | በጋራና በእንጨት ፈረስ |
|---|---|---|---|---|
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ ወይም የለም | ከፍተኛ | መካከለኛ | ይከፋፈላል |
| የሕክምና ወጪ | ከፍተኛ፣ መጀመሪያ ላይ | ዝቅተኛ፣ ከክትባት ጋር | ዝቅተኛ | ይከፋፈላል |
| ኳስ መምታት እስኪጀመር | 1 ዓመት ተኩል ገደማ | ጥቂት ወራት | 3 ዓመት ገደማ | በእንጨቱ ወዲያው |
| የእግር ስጋት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | እንደ ፈረሱ |
| ለጩኸት ያለው ልማድ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | የለውም | እንደ ፈረሱ |
| የሚስማማው ጋላቢ | ቀላል ሰው፣ ታዳጊ | ልምድ ያለው | ፈረስ የገራ ሰው | ጀማሪ ሁሉ |

ማን የቱን ይምረጥ?

ገንዘብ የሌለው ግን ጊዜና ቦታ ያለው፣ ራሱም ቀላል የሆነ ሰው ከጋሪ የወጣውን ያንሳ። አንድ ፈረስ ብቻ ግን አይሁን። ፈረስ ብቻውን ሲኖር ይጨነቃል፤ ካልተቻለ አህያም ጓደኛ ይሆነዋል። እግሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሦስት ለሦስት በሚደረገው፣ 91 በ46 ሜትር ገደማ በሆነው ትንሽ ሜዳ ጨዋታ ይጀምር። ኳሱ ትልቅና ለስላሳ ነው፣ ሩጫውም አጭር ነው። ለእኛ ትንንሽ ፈረሶች ከትልቁ ሜዳ ይልቅ ይህ ይስማማል። አንዱን ክፍለ ጊዜ 7 ደቂቃ ሳይሆን 3 ወይም 4 አድርጉት።

ገንዘብ ኖሮት ጊዜ የሌለው ሰው ከአገው ምድር ይግዛ። ሆኖም በረት ሳይሠራ አይግዛ። ሐይቅ ዳር ያለ በረት ግድግዳ፣ ጣሪያና ደረቅ ወለል ያስፈልገዋል፤ ሌሊት የሚዘጋ መሆን አለበት።

ከ65 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ፈረሱን በሜትር ሳይለካ አይግዛ። ልኩ ካልወጣ አሠልጣኝ ይሁን፣ ዳኛ ይሁን፣ መኖ ይግዛ። በጨዋታው ውስጥ ቦታ አያጣም።

ቤተሰብ ሆኖ ለልጆቹ ብሎ የሚያስብ ከጋሪ የወጣ ረጋ ያለ ፈረስ ቢወስድ ደስ ይለዋል፤ ፖሎውን ግን ለጊዜው ይርሳው። በርምጃ የሚሄድ፣ የማይደነግጥ ፈረስ ለልጅ ምርጥ አስተማሪ ነው።

ስለ ወቅት አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ፈረስ ያንሸራትታል። ከየካቲት በኋላ መሬቱ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ እግር ይጎዳል። ለመሬቱ የሚበጀው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ችግሩ የፈረስ በሽታውም የሚከፋው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ስለዚህ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጠዋት ተጫወቱ። የማታ ጨዋታ አታዘጋጁ። ያልተከተበ ፈረስ ሜዳ አይግባ።

ለግዢ ስትሄዱ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ ለጥርሱ፣ ገመድ፣ ከተቻለ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ከደላላ ጋር ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ፈረሱን በሶምሶማ አስሩጡት። ከተስማማችሁ በሁለት ምስክር ፊት ውል ጻፉ፤ የፈረሱን ቀለም፣ ምልክቱን፣ ዕድሜውንና ጾታውን ይጻፍበት። አዲስ የመጣውን ፈረስ ለሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ ባልዲውም ማሰሪያውም የራሱ ይሁን።